ሠራተኛው ሲወጣ ስክሪኑ ለምን አይጠፋም? የሥራ ማቆም እርምጃ በክልል ቴሌቪዥን

ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ማሽን አጥፍተው ቢወጡ የዚያ ፈረቃ ምርት ቀረ ማለት ነው፤ አሠሪውም ሠራተኛውም ጉዳቱን በዚያው ቀን ያውቁታል። ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጋዜጠኛው፣ ካሜራማኑ፣ ኤዲተሩና ሾፌሩ ተጠራርተው ከግቢ ቢወጡም ማታ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት የተቀመጠ ተመልካች ሎጎውን በተለመደው ጥግ ላይ ያየዋል። ድራማው ይቀጥላል፣ መንዙማው ይሰማል፣ ማስታወቂያውም ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። የማኅበር አመራሩ "እኛ ካልሠራን ጣቢያው ይዘጋል" ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ "ሰርቨሩ ይሠራልናል" ብሎ ነገሩን ያቀልለዋል። ሁለቱም ሒሳቡን አልሠሩትም። ሒሳቡን ለመሥራት ምስሉ ከስቱዲዮ ተነስቶ ሰው ቤት እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምስሉ የሚሄድበት መንገድ

ያለቀለት ፕሮግራም ከኤዲቲንግ ክፍል ወጥቶ ፕሌይአውት ሰርቨር (ፋይሎችን በተራ ወደ አየር የሚያወጣ ኮምፒውተር) ላይ ይጫናል። የማስተር ኮንትሮል፣ ማለትም ወደ አየር የሚወጣውን ሁሉ የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ባለሙያ ፋይሎቹን በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ደርድሮ ፕሌይሊስት (የማጫወቻ ዝርዝር) ያወጣል፤ ሰርቨሩም ዝርዝሩን እየተከተለ ራሱ ያጫውታል። ሎጎውና ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ከዚያ ኤንኮደር ምስሉን ጨምቆ በፋይበር መስመር ወደ አፕሊንክ ጣቢያ ይልከዋል፣ ከዚያ ወደ ሳተላይት ይወጣል። ኢትዮሳት ላይ ያሉት ጣቢያዎች የሚሰራጩበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል፤ እዚያ ላይ ሆኖ የማን ደመወዝ እንደዘገየ አይጠይቅም።

በዚህ ሰንሰለት ላይ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው መጀመሪያው ላይ ነው። የማታ 2 ሰዓት ዜና በቀጥታ እንዲተላለፍ አንባቢ፣ ዳይሬክተር፣ ምስል ቀያሪ፣ ድምፅ ተቆጣጣሪ፣ ጽሑፍ የሚያስገባ፣ ቴሌፕሮምፕተር (ለአንባቢው ጽሑፉን የሚያሳይ ስክሪን) የሚያንቀሳቅስ፣ ሁለት ሦስት ካሜራማን፣ የስቱዲዮ አስተባባሪ ይፈለጋል፤ ዘጋቢውንና ኤዲተሩን ሳንቆጥር አሥር ሰው ይጠጋል። ማስተር ኮንትሮል ውስጥ ግን በአንድ ፈረቃ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው ያለው። የሥራ ማቆም ጥያቄ ሁሉ የሚሽከረከረው እዚች ክፍል ላይ ነው።

ለወሎ ሠራተኛ ይህ ነጥብ በተለይ ይከብዳል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሆነ ጣቢያ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ ቅርንጫፉ ዜናና ፕሮግራም ያመርታል እንጂ የመጨረሻዋ ቁልፍ እሱ ዘንድ አይደለችም። የደሴ ሠራተኛ በሙሉ ሥራ ቢያቆም ዋናው መሥሪያ ቤት የደሴን ሰዓት በሌላ ፕሮግራም ይሞላዋል። ተመልካቹ የሚያስተውለው የወልድያና የመካነ ሰላም ዜና መጥፋቱን፣ የደሴ ገበያ ዋጋ አለመነገሩን ነው፤ ያውም ከሰነበተ። ስለዚህ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ለብቻው ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ "የማስተር ኮንትሮል ሰዎች የማኅበሩ አባል ናቸው ወይ?" የሚል ነው። ካልሆኑ እርምጃው የሚጎዳው የቅርንጫፉን ተመልካች ነው፤ አሠሪው ዘንድ የሚደርሰው ጫና ትንሽ ነው።

ስንቁ ስንት ቀን ያደርሳል?

የአንድ ቀን ስርጭት 1,440 ደቂቃ ነው። አንድ ጣቢያ በቀን 6 ሰዓት አዲስ ነገር አምርቶ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ እያሳየ 18 ሰዓት ይሸፍናል፣ የቀረውን በሙዚቃና በመሙያ ያሳልፋል እንበል። አዲሱ ምርት ሲቋረጥ ስድስቱ ሰዓት በአንዴ ባዶ አይሆኑም፤ በዕድሜያቸው ተራ ይሞታሉ። ዜና በዚያው ቀን ይሞታል። የቀጥታ ውይይትና የስልክ መስመር ፕሮግራም በማግስቱ። ሳምንታዊ ፕሮግራም አንድ ወይም ሁለት ክፍል አስቀድሞ ተቀርጾ ስለሚቀመጥ ሁለተኛውን ሳምንት ያያል። ድራማ፣ ዘጋቢ ፊልምና ሙዚቃ ወራት ይቆያሉ። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚይዝ የኤችዲ ፋይል በሰዓት ከ22 እስከ 25 ጊጋባይት ይበላል፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ወደ 40 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። አሥር ቴራባይት ማኅደር ያለው ጣቢያ 400 ሰዓት በእጁ አለው። በቁጥር ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ ግማሹ ግን የዛሬ ሦስት ዓመት የበዓል ዝግጅት ወይም የስርጭት ፈቃዱ ያለፈበት ፊልም ሊሆን ይችላል።

ከፕሮግራሙ ቀድሞ የሚያልቀው ፕሌይሊስቱ ነው። ብዙ ቦታ የሚዘጋጀው ለ24 ሰዓት፣ ቢበዛ ለሦስት ቀን ነው። አዘጋጁ ዓርብ ማታ ወጥቶ ሌላ የሚደረድር ከሌለ፣ ሰኞ ማታ ሰርቨሩ የመጨረሻዋን ፋይል ተጫውቶ ይቆማል፤ ወይ የመጨረሻው ምስል እንደደረቀ ይቀራል፣ ወይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይ ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ይጀምርና ሰኞ ማታ "መልካም የዓርብ ምሽት" የሚል አቅራቢ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጥቁር ስክሪን ያየ የመብራት ወይም የሳተላይት ችግር ነው ብሎ ያልፋል፣ ቀን የተሳሳተ ሰላምታ የሰማ ግን ቤቱ ሰው እንደሌለው ወዲያው ያውቃል።

ከሌላ አገር የታየ

የእንግሊዙ አይቲቪ በየክልሉ በተቋቋሙ ኩባንያዎች የተዋቀረ ስለነበር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም የአስተዳደር ሰዎች ከለንደን አንድ የአደጋ ጊዜ ስርጭት ለመላው አገር አስተላለፉ፤ የክልል ቀለም ጠፋ፣ አየሩ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ከነሐሴ 10 እስከ ጥቅምት 24 አውታሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ጸጥ አለ፤ በራሷ አቅም አየር ላይ የቆየችው የቻነል ደሴቶች ትንሿ ጣቢያ ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ደግሞ ቲቪ-ኤኤም የተባለው የጠዋት ጣቢያ ቴክኒሺያኖች ለ24 ሰዓት ሥራ ሲያቆሙ አሠሪው በሩን ዘጋባቸው፤ ሥራ አስኪያጆችና ጸሐፊዎች ካሜራ ያዙ፣ የድሮ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሰዓቱን ሞላው፣ በየካቲት 1988 ቴክኒሺያኖቹ ተሰናበቱ። ከሦስቱ ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው የመጨረሻው ይመስለናል፤ በዚያ ዘመን ሰርቨር እንኳ ሳይኖር ጥቂት ያልሠለጠኑ ሰዎች ስርጭቱን ማቆየት ችለዋል።

ሕጉ የሚለው

በመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤው የሚጠቅሰውን ሕግ ማየት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሥራ ማቆም መብት ነው፤ ከመንግሥት ሠራተኞች ውስጥ መብቱ ማንን እንደሚያካትት ግን በሕግ ይወሰናል ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር የግል ጣቢያ ሠራተኛ የሚከተለው መንገድ ተጽፎለታል። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የተቀጠረ ግን በዚህ አዋጅ ስለማይሸፈን "እነሱ ስላደረጉት እኛም" ብሎ ቢወጣ ከሥራ ገበታ መቅረት ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቅጥር ያለበት ጣቢያ ካለ ይህን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ የማኅበሩ ሥራ ነው።

አዋጁ ሥራ ማቆም የማይፈቀድባቸውን ለሕዝብ አስፈላጊ አገልግሎቶች ሲዘረዝር ኤሌክትሪክ ኃይልን፣ ውኃን፣ ሆስፒታልን፣ ቴሌኮሙኒኬሽንን ያነሳል። ቴሌቪዥን እዚያ ውስጥ የለም። ማለትም የጣቢያው ኤዲተር ሥራ ማቆም ይችላል፤ ምስሉን የሚያሳልፈው የፋይበር መስመር ባለሙያ አይችልም።

መንገዱ ይህ ነው። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል። አለመግባባቱ በስምምነት እንዲፈታ ጥረት መደረግ አለበት። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት፤ 60 አባል ላለው ማኅበር 40 ሰው ካልተገኘ ስብሰባው ለዚህ ውሳኔ አይበቃም። ከዚያ ምክንያቱን የገለጸ ማስጠንቀቂያ ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ከ10 ቀን በፊት ይሰጣል። በጽሑፍ አድርጎ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና የተቀበለበትን ቀን ማስመታት ነው፤ በቃል የተሰጠ ማስጠንቀቂያ በኋላ ማስረጃ የለውም። ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ወይም ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ደግሞ ለውሳኔ የተሰጠው ጊዜ (ቦርድ ላይ 30 ቀን) ሳያልፍ መነሳት ሕገ ወጥ ነው። የማስጠንቀቂያው ግዴታ አሠሪው ሥራ ሲዘጋም ይሠራል፤ በር ቆልፎ ማደር ያለ ማስጠንቀቂያ አይፈቀድም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። አዋጁ ሥራ ማቆም የሚለው መውጣትን ብቻ አይደለም፤ በጋራ ሆኖ ሥራን ከተለመደው በታች ማጓተትንም ይጨምራል። ሦስት ኤዲተሮች ተነጋግረው የ2 ደቂቃ ዜና አራት ሰዓት ቢያቆዩ፣ ማስጠንቀቂያ ካልሰጡ ሕገ ወጥ ሥራ ማቆም ውስጥ ገቡ። ፕሌይሊስት መሰረዝ፣ የይለፍ ቃል ቀይሮ መሄድ፣ የኤንኮደር ኬብል ነቅሎ መደበቅማ ከናካቴው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የንብረትና የወንጀል ጥያቄ ይሆናል፣ የማኅበሩንም ትክክለኛ ጥያቄ ያበላሻል። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑንም አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ የማኅበር መዋጮ ያላጠራቀመ ሠራተኛ ከሁለተኛው ሳምንት በላይ አይዘልቅም።

አሥሩ ቀን

ማስጠንቀቂያው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሁለቱም ወገን ይዘጋጃል፤ ድርድሩም በአብዛኛው የሚፈታው እዚህ ውስጥ ነው። ቀኑ የሚመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ወሎ ውስጥ በማኅደር የማይተካ ስርጭት ማለት መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል፣ የላሊበላ ገና፣ የጀማ ንጉሥ መውሊድ ነው። ማስጠንቀቂያው መስከረም 10 ከደረሰ እርምጃው ግሸን ላይ ይውላል። አሠሪውን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ግሸን ዘንድሮ ማሳየት አይቻልም። ተመልካቹን የሚያስቆጣውም ይኸው ነው፤ አምባሰል መውጣት ያልቻሉ አሮጊት በዓሉን የሚያዩበት ሌላ መንገድ የላቸውም። ማኅበሩ ቀኑን ሲመርጥ ሁለቱን አብሮ መመዘን አለበት።

አሠሪው ግሸንን ያለ ልምድ ባለሙያ ላስተላልፍ ቢል የሚገጥመው ይህ ነው። ሲም ካርዶችን አጣምሮ ምስል የሚልክ ቦርሳ ይዞ ይወጣል። ሌሊት ሲሞክረው ይሠራል። ሲነጋ አምባው በሰው ሲሞላ የሞባይል ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። የለመደ ቴክኒሺያን የምስሉን መጠን አስቀድሞ ወደ 3 ወይም 4 ሜጋቢት ያወርዳል፣ መዘግየቱን ወደ 5 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ያሳድጋል፣ የሳተላይት መኪና ካለ ዋናውን በእሱ አድርጎ ቦርሳውን መጠባበቂያ ያደርገዋል። ያልለመደው ሰው ጥራቱን ከፍ አድርጎ ይጀምርና ቅዳሴው መሐል ላይ ይጠፋበታል።

በጥቂት ሰው አየር ላይ መቆየት

ወደ ሥራ የሚገባው፣ አባል ያልሆነም ሆነ የአስተዳደር ሰው፣ የመጀመሪያ ተግባሩ የፕሮግራሙን ቅርጽ ማሳነስ ነው። በሦስት ሰው የሚወጣ ዜና አለ፦ አንድ ካሜራ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ አንባቢው ከወረቀት ያነባል፣ አንድ ሰው ምስልና ጽሑፍ፣ አንድ ሰው ድምፅ ይይዛል። ርዝመቱ ከ30 ደቂቃ ወደ 10 ይወርዳል። በቀጥታ ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በፊት ተቀርጾ ይታያል፤ ስህተት ሲገኝ የሚታረምበት ጊዜ ይኖራል። የስልክ መስመር መክፈት የለም፤ ያለ አዘጋጅ የሚገባ ጥሪ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

የሚበላሸው በአብዛኛው ድምፁ ነው። ንግግር በዲጂታል ሜትሩ ላይ ከ-20 እስከ -12 ዴሲቤል መካከል ሲመላለስ፣ ጫፉም -9ን ሳያልፍ ሲቀር ደህና ነው። ልምድ የሌለው ሰው በጆሮ ማዳመጫው ከፍ አድርጎ ይሰማና ሜትሩን አያይም፤ ቤት ያለው ተመልካች ማስታወቂያው ሲገባ ይደነግጣል። ሌላው ፋይል ነው። እዚህ ያለው ስርጭት በሴኮንድ 25 ምስል ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ 30 ነው፣ ያውም ከፍ ዝቅ የሚል። ሳይቀየር ሰርቨር ላይ ከተጫነ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ሦስተኛው የርዝመት ስህተት ነው፦ ፕሌይሊስቱ ላይ 28 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው ፋይል 26 ከሆነ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ይሆናል። መድኃኒቱ 30 ሴኮንድ፣ 1 ደቂቃና 2 ደቂቃ የሆኑ መሙያዎችን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ የሐይቅ ውኃ፣ ማሲንቆ፤ ከማንም ጋር የማያጣላ ምስል።

የማይነካ ነገርም አለ። የኤንኮደር ቅንብር፣ የአፕሊንክ ማጉያና አንቴና ያልሠለጠነ ሰው አይከፍታቸውም። አፕሊንክ ላይ በተሳሳተ ድግግሞሽ ወይም ፖላራይዜሽን (የሞገዱ አቅጣጫ) የተላከ ሲግናል የሌላ ጣቢያ ስርጭት ያበላሻል፤ የሚሠራ አንቴና ፊት መቆምም ለጤና አደጋ ነው። ግንብ ላይ መውጣት፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ መክፈት ለብቻ አይደረግም። አዋጁ ራሱ ሥራ ሲቆም የድርጅቱ የደኅንነት ደንቦች መከበራቸው እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ስለዚህ ማኅበሩና አሠሪው ለመብራት፣ ለእሳት አደጋና ለሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ የሚቀሩ ሰዎችን በስም ቢስማሙ ይመረጣል። የማቀዝቀዣው ነገር ይናቃል። የሰርቨር ክፍል ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣው ከቆመ ማንም ሳያስተውል ሰርቨሩ ራሱን ያጠፋል፤ ከዚያ አሠሪው ሠራተኛውን፣ ሠራተኛው አሠሪውን ይከሳል።

ጀነሬተሩም የደሴ ባሕርይ አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። 100 ኪቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ) ተብሎ የተገዛው ደሴ ላይ 85 አካባቢ ነው። የጥገናው ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ መብራት ሲጠፋ የስቱዲዮ መብራቶችን አጥፍቶ ማስተር ኮንትሮልን ብቻ ያቆያል፤ እሱ ሲወጣ ግን ማንም አያጠፋቸውም፣ ጀነሬተሩም ይሰናከላል። በግማሽ ጭነት በሰዓት 12 ሊትር ያህል ናፍጣ ስለሚጠጣ ለአንድ ሙሉ ቀን ወደ 290 ሊትር ማሰብ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሻግራል እንጂ አያሳድርም።

ስለ ራስ መዘገብ

ጣቢያው የራሱን ሠራተኞች ሥራ ማቆም ማውራት አለበት፤ ዝም ካለ ወሬውን ከተማው በራሱ መንገድ ይሞላዋል። ችግሩ ዜናውን የሚያርመው ሰው የክርክሩ አንድ ወገን መሆኑ ነው። የሚሻለው አጭር ማድረግ ነው፦ መቼ ተጀመረ፣ ጥያቄው ምንድን ነው፣ አሠሪው ምን መለሰ፣ የትኛው ፕሮግራም ተቋረጠ። የማኅበሩ መልስ በራሱ አንደበት ይግባ። "ጥቂት ግለሰቦች" የሚል ቃል ከዜናው ይውጣ፤ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ነገ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይመለሳሉ።

በየወረዳው ያሉ ተባባሪ ዘጋቢዎች ደግሞ የሁለቱም ወገን ዕዳ ይሆናሉ። በሥራ ብዛት ስለሚከፈላቸው ያቆሙ ቀን ገቢያቸው ይቆማል፤ አባል ስላልሆኑም ማኅበሩ አይደግፋቸውም። ማኅበሩ ከእነሱ መተባበርን የሚጠብቅ ከሆነ ጥያቄያቸውን ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ይጻፍላቸው፤ ካልጻፈላቸው ከላሊበላ ዜና ቢልኩ መውቀስ አይገባም።

ሲመለሱ

ስምምነት በተፈረመ ማግሥት ወዲያው ወደ ቀጥታ ዜና መግባት ስህተት ነው። ቢያንስ አንድ ፈረቃ ለርክክብ ይያዝ። ፕሌይሊስቱ ከትክክለኛው ሎግ፣ ማለትም በእርግጥ አየር ላይ ከወጣው መዝገብ ጋር ይነጻጸር፤ የታቀደውና የወጣው ስለሚለያዩ ያልወጣ ማስታወቂያ ሒሳቡ የሚጠየቀው በዚህ ነው። በጊዜያዊ ሰዎች ስም የተከፈቱ የይለፍ ቃሎች ይዘጉ። "አዲስ ፎልደር 2"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ" ተብለው የተቀመጡ ፋይሎች ስምና ቀን ይሰጣቸው። ካሜራ ውስጥ የቀሩ ካርዶች ሳይገለበጡ አይሰረዙ። ኤንኮደሩን ማንም እንዳልነካው የሚታወቀው ቅንብሩ ከመውጣት በፊት ከተቀመጠው ቅጂ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ስለዚህ ያ ቅጂ በአሥሩ ቀን ውስጥ ተወስዶ፣ ሁለቱ ወገኖች ፈርመውበት መቀመጥ ነበረበት።